ክንፍን ስለሚያነሣው ኃይል

ለአንድ ክስተት ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ሲሰጡ አንደኛው የግድ ሐሰት ነውን? ጥያቄው የፍልስፍና ቢሆንም፣ ከእንጦጦ ወዲያ በሱሉልታ ሜዳ ላይ የክንፉን ጫፍ ላባዎች እንደ ጣት ዘርግቶ ሳያርገበግብ የሚያንዣብበው ጆፌ አሞራም ሆነ ከቦሌ የሚነሣው አውሮፕላን በግልጽ ያቀርቡታል።

ክንፍ በአየር ላይ ስለሚነሣበት ምክንያት የሚሰጠው የመጀመሪያው ማብራሪያ በግፊት፣ ማለትም አየር በሚነካው ገጽ ላይ በሚያሳርፈው ጫና፣ ላይ የቆመ ነው፤ ከክንፉ በላይ የሚያልፈው አየር ከሥር ካለው ስለሚፈጥን፣ ዳንኤል በርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ፈሳሾች እንዳስረዳው ግፊቱ ይቀንሳል፣ የሥረኛው ግፊትም በልጦ ክንፉን ያነሣዋል። ሁለተኛው ማብራሪያ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ካሳተመው የአጸፋ ሕግ ይነሣል፤ ግንባሩን በጥቂቱ ቀና አድርጎ የሚጓዝ ክንፍ አየሩን ወደ ታች ሲገፋው፣ አየሩ በአጸፋው ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የትርጓሜ መምህራን አንዱን ኃይለ ቃል «አንድም» እያሉ በየፈርጁ ሲያመሰጥሩ ኋለኛው ፍቺ የፊተኛውን ስለማይሽረው፣ በአንድምታ ላደገ አእምሮ የሁለት ማብራሪያዎች አብሮ መኖር እንግዳ አይሆንም። ይሁንና አንድምታ የተባለውን ሁሉ እንደማያጸድቅ፣ እዚህም የሚጣል ፍቺ አለ፤ ከላይና ከታች የተለያየው አየር በክንፉ የኋላ ጠርዝ እኩል ደርሶ ይገናኛል የሚለው፣ በብዙ የመማሪያ መጻሕፍት የኖረው አባባል ስሕተት ነው፤ የላይኛው አየር ቀድሞ ያልፋልና። በሌላ በኩል የክንፉ ጉዳይ ከአንድምታ የሚለይበት ነገር አለ፤ ግፊቱና ወደ ታች የሚጎርፈው አየር ሁለት ምሥጢሮች ሳይሆኑ በሁለት መንገድ የተሰላ አንድ ድርጊት ናቸው። ፍጥነቱ ግፊቱን ቀነሰው ወይስ የግፊቱ ልዩነት አየሩን አፈጠነው ብሎ ቀዳሚውን መፈለግም ከንቱ ድካም ይመስላል፤ ሁለቱ አብረው ይጸናሉና።

አየሩ ሲሳሳ የሁለቱ ስሌቶች አንድነት ይበልጥ ይገለጣል። ሯጮች ለልምምድ የሚመርጡት፣ በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው የሱሉልታ አየር በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ በዚያው ፍጥነት የሚሄድ ክንፍ የሚያገኘው ማንሻ ኃይልም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ቦሌም ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ከዚያ የሚነሣ አውሮፕላን በባሕር ዳርቻ ከሚነሣ አቻው ይልቅ ረዥም መንደርደሪያና የበለጠ ፍጥነት ያስፈልገዋል፤ ያን ፍጥነት አንዱ መሐንዲስ በግፊት፣ ሌላው ወደ ታች በሚገፋው አየር ቢያሰላው፣ ሁለቱም የሚደርሱበት ቁጥር አንድ ነው።