ተሸናፊ ባለዕዳ ነውን?

ጥር 13 ቀን ለኳስ ወዳጅ ትልቅ ቀን ናት። በ1954 ዓ.ም. በዚህች ዕለት ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበሩ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ በዚያችው ዕለት ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት መቅረት በኋላ ደቡብ አፍሪካ ላይ ለአፍሪካ ዋንጫ ሜዳ ገቡ።

የሆነውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር በረኛችን ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጥቶብን፣ በአስር ሰው 1 ለ 1 ወጣን። አዳነ ግርማ ያገባት ግብ በዚህ ውድድር ከ1968 ዓ.ም. ወዲህ ያገኘናት የመጀመሪያዋ ነበረች። ጥር 17 ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ ጥር 21 ናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸነፉን። በአንዲት ነጥብ የምድቡ ጅራት ሆነን ተመለስን። እነዚያው ሁለቱ አሸናፊዎቻችን ደግሞ ለፍጻሜ ደረሱ።

እኔ ያኔ የአስር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሰቆጣ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ከአጎቴ ጋር፣ በሰው ጉልበት መሐል ተሸጉጬ ነው ያየሁት። ሰኞ አዳነ ሲያገባ ቤቱ ሊፈርስ ነበር። ዓርብ ማታም ያው ቤት፣ ያው ሰው፣ ያው ቴሌቪዥን። ቡርኪናዎች በረኛቸው ተባሮ በአስር ሰው እየተጫወቱ ሦስት ግብ ጨመሩብን። ሰኞ ዕለት «አንበሶቼ!» ሲል የነበረው ሁሉ ዓርብ «ምናምንቴ!» ይል ጀመር። እኔም ተሳደብኩ። ስድቡ ደግሞ ይጥማል፤ አይጥምም ብላችሁ መዋሸት ይሆንብኛል።

በማግሥቱ አያቴ ዘንድ ሄድኩ። አያቴ ከከተማው ወጣ ብለው የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። ኳስ የሚባል ነገር አያውቁም። እዚያም ሆኜ ስራገም ሰሙኝና፣

«ሸሽተው ነው?» አሉኝ።

«እነማን አባባ?»

«የምትረግማቸው ልጆች።»

«አይ፣ ተሸነፉ እንጂ አልሸሹም።»

«እስኪያልቅ ቆመዋል?»

«ቆመዋል።»

«እኔስ ዘርቼ ክረምቱ ሲከዳኝ ሰነፍ ብለኸኛል?» ዝም አልኩ። «ዘሩን ሸጬ ጠላ ብጠጣበት ግን ሰነፍ በለኝ። ያኔ ያምርብሃል።»

ይህን ነገር ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ደጋግሜ አሰብኩት። በእኔ ግምት አያቴ ሁለት ነገሮችን ለይተው አሳይተውኛል። አንደኛው ዘርቶ ማጣት ነው። ሁለተኛው ሳይዘሩ ማጣት ነው። ለሚያየው ሰው ሁለቱም ባዶ ጎተራ ናቸው። ለኅሊና ግን አንድ አይደሉም። የዋግ ገበሬ ይህን ልዩነት በመጽሐፍ አልተማረውም። ዝናብ በሚከዳው አገር ጎረቤቱን በጎተራው ብቻ ቢመዝን ኖሮ የሚያከብረው ሰው ባላገኘም ነበር።

«ታዲያ ማንም ተሸናፊ አይወቀስ ልትለን ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አላልኩም። እዚያው 2005 ዓ.ም. ላይ የሆነ ሌላ ነገር አለ። ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፍን። ነገር ግን ሁለት ቢጫ ካርድ ስላለበት መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች ተሰልፎ ነበር። ሰኔ 9 ደቡብ አፍሪካን አሸንፈን አዲስ አበባ በጭፈራ ስትናወጥ፣ በዚያው ቀን ፊፋ ጉዳዩን እየመረመርኩ ነው አለ። ፌዴሬሽኑም ጥፋቱን አመነ። ሦስት ነጥብ ተወሰደብን። ይኸ እንግዲህ ዝናብ አይደለም። ካርድ መቁጠር ጉልበት አይጠይቅም፤ ዕድልም አይጠይቅም። በአያቴ አነጋገር ዘሩ ጎተራ ውስጥ እያለ ሳይዘራ የቀረ ነው። ልጆቹ ግን ከዚያም በኋላ ምድባቸውን በበላይነት ጨርሰው እስከ መጨረሻው ማጣሪያ ደረሱ፤ እዚያም በናይጄሪያ ተሸነፉ። እስቲ እናስታውስ፤ የበለጠ የተሰደበው ማን ነበር? ወረቀቱን ያላየው ነው ወይስ ኳሱን ያልያዘው? እኛ ሠፈር ኳሱን ያልያዘው ነበር። ቴሌቪዥን የሚያሳየው እሱን ነዋ! የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል የሚባለው ዛፉ ስለሚታይ ይመስለኛል።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ፤ ተስፋና ቃል። ዋልያዎቹ ዋንጫ እናመጣለን ብለው ለእኔ አልማሉልኝም። ተስፋ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ተስፋዬ ሲሰበር ማዘን መብቴ ነው፤ ያላበደርኩትን ክፈለኝ ማለት ግን መብቴ አይደለም። ቃል ሲሆን ሌላ ነው። በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ መንግሥት በከተማችን ስም የተሰየመ ቃል ገብቷል፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን። በፈረንጆች 2030 ዕድሜው ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ሁሉ ከመቀንጨር ይድናል የሚል ነው። ቀጠሮው ሲደርስ ሂሳቡን መጠየቅ ስድብ አይባልም፤ ቃል ተሰጥቶናልና። እኛ ግን እንዲህ ነን፤ ቃል ያልሰጠንን በረኛ ጉሮሯችን እስኪነቃ እንጮህበታለን፤ ቃል የሰጠንን ለመጠየቅ ሲሆን ድምፃችን ይጠፋል። ለምን? በረኛው መልሶ አይጎዳንማ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ዳኛ ሆኜ አይደለም። ያን ሰኞ ትምህርት ቤት ስንገባ የክፍላችን በረኛ የነበረ አንድ ልጅ ነበር። ቀጭን ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ኳስ ሲመጣ ዓይኑን አይጨፍንም። በዕረፍት ሰዓት ስንጫወት አንድ ግብ ገባበት። እኔ «አራት ለባዶ!» አልኩት። ሁሉም ሳቀ። ስሙ «አራት ለባዶ» ሆኖ ቀረ። ከሳምንታት በኋላ በረኛ መቆም ተወ፤ ቆይቶም ከእኛ ጋር መጫወቱን ጭራሽ ተወ። የአያቴን ቃል ከሰማሁ ገና ሁለት ቀኔ ነበር። ማወቅ ብቻውን ሰውን ደግ እንደማያደርግ የተማርኩት ከዚያ ነው።

ባለፈው ክረምት ሰቆጣ መንገድ ላይ አገኘሁት። ባጃጅ ይነዳል። አቁሞ ሰላም አለኝ፤ ስለ ትምህርቴም ጠየቀኝ። የመጣሁበትን ሒሳብ አልቀበልም አለ። እኔ ያንን ነገር አላነሣሁም። ረስቶታል ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ግን ስሄድ ከኋላዬ አንዱ ሾፌር በዚያው ስም ጠራው።

እንግዲህ ተሸናፊ ባለዕዳ ነውን ብዬ ነበር የተነሣሁት። ዘርቶ የተሸነፈ ዕዳ የለበትም። ዕዳ ያለበት የሳቀው ነው። ለጥምቀት አገር ቤት ስገባ ልጁን ፈልጌ ላገኘው አስቤአለሁ፤ ጥር 13 ሳያልፍ።