በሩን ማን ይዝጋው?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2015 ናይሮቢ በሚገኘው የስትራትሞር ዩኒቨርሲቲ ግቢ ድንገት ተኩስ ተሰማ። ተማሪውም፣ አስተማሪውም፣ የቢሮ ሠራተኛውም ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «መጡብን!» ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመገመት አያዳግትም። ገሚሱ ጠረጴዛ ሥር ተወሸቀ፤ ገሚሱ ወደ አጥሩ ሮጠ፤ በመስኮት ከፎቅ የተወረወሩም ነበሩ። ብዙ ሰው ተጎዳ። አንዲት የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ከፎቅ ወድቃ በደረሰባት ጉዳት ሞተች። አጥቂ ግን አልነበረም። ነገሩ ልምምድ ነበር። የግቢው ሰው አደጋ ቢደርስበት ምን እንደሚያደርግ ለመፈተን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ያዘጋጀው ልምምድ! አብዛኛው ሰው ይህን ያወቀው ሁሉ ነገር ካበቃ በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ ጠየቀ።

ስለዚህች ሴት አሟሟት ካነበብኩ ዓመታት አልፈዋል። ይሁንና ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የሞተችው በጠላት እጅ አይደለም፤ እንዳትሞት ሊያዘጋጇት በተነሡ ሰዎች ሥራ ነው። ለመሆኑ አንድ ተቋም ሠራተኛውን ለክፉ ቀን ሲያዘጋጅ እስከ ምን ድረስ መሄድ ይፈቀድለታል? ከሠራተኛውስ ምን ያህል ሊጠይቅ ይችላል? እኔም እንጀራዬ ማስተማር ስለሆነ ነገሩን እንደ ጎረቤት አገር ወሬ ሰምቼ ማለፍ አልሆነልኝም።

ለፍርድ ከመቸኮላችን በፊት ግን ልምምዱን ያዘጋጁትን ሰዎች ፍርሃት እንረዳላቸው። በዚያው ዓመት፣ አፕሪል 2 ቀን፣ ጎህ ሲቀድ አራት የአልሸባብ ታጣቂዎች በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ወደሚገኘው የጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገቡ። መጀመሪያ ያገኟቸው በበሩ ላይ የነበሩትን ዘበኞች ነው። እነሱን ገድለው ወደ መኝታ ክፍሎቹ አለፉ። ከናይሮቢ የተጠራው ልዩ ኃይል ደርሶ ነገሩ እስኪያበቃ ቀኑ መሸ። 148 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ከዚህ በኋላ የትኛው የኬንያ ዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ነው እንቅልፍ የሚወስደው? «እኛ ዘንድ ቢመጡስ?» ብሎ መጠየቅ የኃላፊነት ምልክት እንጂ የሞኝነት አይደለም።

ነገር ግን ከጋሪሳው እልቂት ዐሥር ቀን በኋላ ሌላም ነገር ደርሶ ነበር። በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የኪኩዩ ግቢ ከንጋት በፊት አንድ የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ፈነዳ። ተማሪዎቹ ጥቃት መሰላቸው። በመስኮት ዘለሉ፣ እርስ በርስ ተረጋገጡ። አንድ ተማሪ ሞተ፤ ከመቶ በላይ ሰው ተጎዳ። እንግዲህ በዚያች አገር በዚያ ዓመት ድምፅ ብቻውን ሰው እንደሚገድል የታወቀው ከስትራትሞሩ ልምምድ ሰባት ወር ቀደም ብሎ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው። አናውቅም ነበር ለማለት የሚቻልበት ጊዜ አልነበረም።

እንዲህ ላለው የድብቅ ልምምድ የሚከራከሩ ሰዎች አንድ ጠንካራ ምክንያት አላቸው፤ እኔም አልንቀውም። አስቀድሞ የተነገረ ልምምድ ቲያትር ነው ይላሉ። ሰዉ እየሳቀ፣ እያወራ፣ ቡናውን እንደያዘ ይወጣል፤ በእውነተኛው ቀን ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። እውነት ነው። ግን እስቲ እንጠይቅ፤ በድብቁ ልምምድ የተፈተነው ምንድን ነው? ማንም አላስተማራቸውም፤ የትኛው በር ወዴት እንደሚያወጣ አላሳያቸውም። በድንገት አስፈራሯቸውና እንዴት እንደሚፈሩ ተመለከቷቸው። እኛ አስተማሪዎች ይህን ነገር እናውቀዋለን፤ ሳያስተምሩ መፈተን ይባላል። ልዩነቱ የዚህኛው ፈተና ወዳቂ ከፎቅ የሚወድቅ መሆኑ ነው።

ደግሞም ውሸቱ ለአንድ ቀን ብቻ አይቆይም። «ቀበሮ መጣ!» እያለ መንደሩን ያታለለውን እረኛ ታሪክ በልጅነታችን ያልሰማን የለንም። አንዴ በውሸት የደነገጠ ሠራተኛ በሁለተኛው ጊዜ ማስጠንቀቂያውን ሲሰማ «ልምምድ ይሆናል» ብሎ ወንበሩ ላይ ቢቀመጥ ማን ይወቅሰዋል? በአሜሪካ ኢንዲያና ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2019 በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተደረገው ሥልጠናም የዚሁ ዘመድ ነው። አስተማሪዎቹን በግድግዳው ፊት አንበርክከው በፕላስቲክ ጥይት ከጀርባቸው ተኮሱባቸው። ከዚህ ምን እንደተማሩ ለእኔ አይገባኝም። መገደል እንደሚያም?

እና ዝም ይባል? በእኛ አገር ብዙ ሰው የሚመርጠው ዝምታን ነው። ክፉን ነገር አስቀድሞ ማንሣት መጥራት ይመስለናል፤ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» እንላለን። እኔ ግን የቨርጂኒያ ቴክን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ ዝምታውም ንጹሕ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

እ.ኤ.አ. አፕሪል 16 ቀን 2007 በአሜሪካ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረ አንድ ወጣት ከጧቱ 1 ሰዓት ከ15 ገደማ በአንድ የተማሪዎች መኝታ ሕንፃ ሁለት ሰው ገደለ። የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ለግቢው ሰው ማስጠንቀቂያ የላከው ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ፣ 3 ሰዓት ከ26 ላይ ነው፤ ያውም በኢሜይል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ወጣቱ ኖሪስ ሆል በተባለው የትምህርት ሕንፃ ውስጥ ተኩስ ከፈተና ሌሎች 30 ሰዎች ገደለ። የሕንፃውን መውጫ በሮች አስቀድሞ በሰንሰለት ቆልፏቸው ነበር። በአንዱ በር ላይም ለመክፈት የሚሞክር ካለ ቦምብ እንደሚፈነዳ የሚያስጠነቅቅ ወረቀት ለጥፎ ነበር። አንዲት መምህርት ወረቀቱን አገኘችው። ምን አደረገች? በሦስተኛው ፎቅ ወዳለው የዲኑ ቢሮ እንዲያደርሰው ለአንድ የጽዳት ሠራተኛ ሰጠችው። የዩኒቨርሲቲው መመሪያ ግን እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገኝ ወዲያው ለፖሊስ ይደወል ይላል።

መምህርቷን ለመውቀስ አይደለም ይህን የማነሣው። እኔ ብሆን ምናልባት ያንኑ ባደርግ ነበር። እንግዳ ወረቀት ሲገኝ ወደ አለቃ መላክ የመሥሪያ ቤት ሰው ልማድ ነው። መመሪያው በመደርደሪያ ላይ ነበር፤ በእጅና በእግር ውስጥ ግን አልነበረም። መመሪያን ከመደርደሪያ አውርዶ በሰው እጅና እግር ውስጥ ማስገባት ደግሞ የማንንም ልብ የሚያቆም ተኩስ አይጠይቅም። ጊዜ ይጠይቃል፤ ደጋግሞ መነጋገር ይጠይቃል፤ የጽዳት ሠራተኛውንም ከአስተማሪው እኩል በስብሰባው ላይ ማስቀመጥ ይጠይቃል። ይህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉ የሚከብድ ይመስለኛል።

በዚያው ሕንፃ የመማሪያ ክፍሎቹ በሮች ከውስጥ አይቆለፉም ነበር። በ204 ቁጥር ክፍል ፕሮፌሰር ሊቪዩ ሊብሬስኩ እያስተማሩ ነበር። የ76 ዓመት ሽማግሌ፣ በልጅነታቸው ከናዚዎች እልቂት የተረፉ የሩማንያ አይሁዳዊ ናቸው። ዕለቱም እስራኤል ያንን እልቂት የምታስብበት ቀን ነበር። ተኩሱ ሲቀርብ በሩን በሰውነታቸው ደግፈው ያዙና ተማሪዎቹን በመስኮት እንዲወጡ አደረጉ። አብዛኞቹ ተረፉ፤ እሳቸው ሞቱ። በአጠገቡ ባለው ክፍል ደግሞ ተማሪዎቹ ትልቅ ጠረጴዛ ወደ በሩ ገፍተው ደግፈው ያዙት። ገዳዩ ገፋ፣ በሩን ጥሶ የሚያልፍ ጥይት ተኮሰ፤ አልተከፈተለትም። ከዚያ ክፍል አንድም ሰው አልተነካም።

ፕሮፌሰሩን ዓለም ሁሉ አመሰገናቸው፤ ይገባቸዋልም። እኔ የምፈራው ከምስጋናው በኋላ የሚመጣውን ነው። አንድ ሰው በፈቃዱ የሰጠውን ሕይወት ቀስ በቀስ ወደ ደንብ የመለወጥ ልማድ አለን። ስጦታ የነበረው ግዴታ ይሆናል፤ ከዚያም «ሊብሬስኩ እንዲያ ሲያደርጉ አንተ ለምን ሮጥክ?» የሚል ጠያቂ ይነሣል። የሂዩስተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመውና በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለሥልጠና በሚታየው ፊልም ውስጥ ትምህርቱ ሦስት ቃል ነው፤ ሩጥ፣ ተደበቅ፣ ታገል። መታገል የሚመጣው ሌላው ሁሉ ሳይሆን ሲቀር ብቻ ነው፤ አብረውህ አንወጣም የሚሉ ካሉም አትዘግይላቸው ይላል። ሲሰሙት ጨካኝ ይመስላል። እኔ ግን በዚህ ትምህርት ውስጥ አንድ ታማኝነት አያለሁ፤ በወር ደመወዝ ማንም የማንንም ሞት አልገዛም ማለቱ ነው። ተቋሙ እንድናውቅ፣ እንድንናገር፣ በሩን እንድንዘጋ ሊያዝዘን ይችላል። በሩን በሰውነታችን እንድንደግፍ ግን አይደለም።

በሩን መዝጋት ስል ደግሞ ቀላል ነገር እንዳይመስል። የሥልጠናው ደንብ አንዴ የተዘጋ በር ለማንም እንዳይከፈት ነው፤ የሚያንኳኳው ማን እንደሆነ አይታወቅምና። ሁለት ደቂቃ የዘገየች ተማሪም ልትሆን ትችላለች። በስም የማውቃት፣ ትናንት የቤት ሥራዋን ያረምኩላት። ውስጥ ያሉት አርባ ናቸው፤ ውጭ ያለችው አንዲት። ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ ደንቡም ትክክል ይመስለኛል። ነገር ግን በሩን ዘግቶ ያልከፈተ ሰው ያንን ማንኳኳት ዕድሜውን ሙሉ ይሰማዋል፤ ደንቡን ጠብቄአለሁ ማለቱ ጆሮውን አይደፍንለትም። ተቋሙ ማድረግ የሚችለው ይህን ሸክም አስቀድሞ በግልጽ መናገርና በኋላ ጥፋተኛ ሲፈለግ ከሠራተኛው ጎን መቆም ነው። ሥልጠና ስንል ከሰዓቱ ግማሹ በዚህ ላይ መዋል ነበረበት። የሚውለው ግን የመውጫ ቀስቶችን በማሳየት ላይ ነው።

የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ፍርሃት ከአሜሪካም ከኬንያም ይለያል። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ሲሞቱና ሁከቱ ወደ ሌሎች ግቢዎች ሲዛመት፣ ብዙ ተማሪዎችም ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ሲመለሱ፣ የተፈራው አጥር ዘሎ የሚመጣ ባዕድ አልነበረም። አንድ ካፌ የሚበላ፣ አንድ ዶርም የሚተኛ ሰው ነበር የተፈራው። እንዲህ ባለ ሌሊት በሩ ላይ የሚገኘው ፕሮክተሩ ነው፤ ዘበኛው ነው። በር ከፍቶ የሚያስገባውና ዘግቶ የሚያስቀረው እሱ ነው፤ ያውም የሚያንኳኳውን ልጅ ስሙን ጭምር እያወቀ። ጋሪሳም ላይ መጀመሪያ የወደቁት ዘበኞች ናቸው። ስለ ግቢ ጸጥታ በየአዳራሹ ስንወያይ ግን እነዚህ ሰዎች ከአዳራሹ በር ውጭ ቆመው መታወቂያ ያያሉ።

እኔ የማስተምርበት ክፍል በር የሚዘጋው ከውጭ በጓጉንቸር ነው። ከውስጥ መቀርቀሪያ የለውም። ቁልፉ በአንድ ሽማግሌ ዘበኛ እጅ ነው፤ ጧት ይከፍታሉ፣ ማታ ይቆልፋሉ። ይህን ጽሑፍ ስጀምር አንድ ማታ ጠጋ ብዬ፣ «አባባ፣ እንደው ክፉ ቀን ቢመጣ፣ ተኩስ ቢነሣ፣ ምን አድርጉ ብለዋችኋል?» ስል ጠየቅኋቸው።

ቁልፎቹን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩና ትንሽ አሰቡ።

«መምህር፣ ስለ እሱ እንኳ ማንም የነገረኝ የለም» አሉኝ። «እኔ ቁልፉን የሰጡኝ ወንበር እንዳይሰረቅ ነው።»