የሰባ ሰባት ጠርሙስ

ፓሪስ ውስጥ በአንድ የባሕር ምግብ ቤት ወይን አሳላፊ ነኝ። ባለፈው ጥቅምት፣ ቅዳሜ ማታ፣ ባልና ሚስት አርባ ዓመት የሞላት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ፈረንሳዮች ልደትን በተወለዱበት ዓመት ወይን ማክበር ይወዳሉ፤ አባትየውም የ1985 ሻምፓኝ አስቀድመው አዘው ነበር። ቡሹን በቀስታ እየሳብኩ ሳለ እናትየዋ በደግ ፊት፣ «እርስዎስ የየትኛው ዓመት ነዎት?» አሉኝ።

«የዚሁ ዓመት» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «ታዲያ በጣም ጥሩ ዓመት ነዋ!» አሉ።

አመስግኜ ቀዳሁ። እጄ ግን ከበደኝ። እኔ የተወለድኩት በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 1977 ዓ.ም. ነው፤ ቆረም፣ ወገኔ እህል ፍለጋ ከየቀዬው ተሰዶ በሰፈረበት ሜዳ ላይ። ከእኔ መወለድ አምስት ወር ቀደም ብሎ የቢቢሲ ካሜራ ያንን ሜዳ ለዓለም አሳይቶ ነበር። ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቼ እዚያው ቀርተዋል። በዚያ ረሃብ ያለቀው ሰው በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። በእኛ አገር «ሰባ ሰባት» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ከዚያ ማታ ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ዓመትን ጥሩ የሚያሰኘው ምንድን ነው? ዝናቡን ለአንዱ አዝንቦ ከሌላው የከለከለው ጌታ አንድ ከሆነ፣ እኔ በዚያ ዓመት ፍሬ ልደሰት ይገባኛል?

ሻምፓኝ አብዛኛውን ጊዜ ዓመት አይጻፍበትም። ጠማቂዎቹ የብዙ ዓመታትን ወይን ይቀላቅላሉ፤ የአምናው ጥጋብ የዘንድሮውን ጉድለት ይሸፍናል። ዓመቱ የሚጻፈው ወይኑ በሙሉ ከአንድ ዓመት ለቀማ የተገኘ እንደሆነ ብቻ ነው፤ ይህንንም የሚያደርጉት ዓመቱን ሲወዱት ነው። ዓመት የሌለው ቢያንስ 15 ወር፣ ዓመት ያለው ቢያንስ ሦስት ዓመት በጓዳ እንዲቆይ ሕጉ ያዛል። በዚያ ጨለማ ወይኑ በጠርሙሱ ውስጥ ከእርሾው ጋር ይተኛል። እርሾው ሥራውን ጨርሶ ይሞታል፤ ከሞተም በኋላ ቀስ በቀስ እየፈረሰ ለወይኑ የትኩስ ዳቦ ሽታ ይሰጠዋል።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ግን ዓመት አትመርጥም። ጠገብንም ተራብንም እያንዳንዱ ዘመን በአንድ ወንጌላዊ ስም ይጠራል፤ ሰባ ሰባት ዘመነ ማቴዎስ ነበር። ከቁጥሩ በኋላም ሁልጊዜ አንድ ቃል እንጽፋለን፤ ዓመተ ምሕረት። ልጅ ሆኜ በድቁና ሳገለግል፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቤተልሔም ለቅዳሴ የሚሆነውን ዘቢብ ስናዘጋጅ፣ አንድ ቀን ቄሱን ጠየቅኋቸው። «አባ፣ ሰባ ሰባትም ዓመተ ምሕረት ይባላል?»

«ልጄ፣ ምሕረቱ የሚቆጠረው ከጌታ ልደት ጀምሮ ነው፤ በቁና አይሰፈርም» አሉኝ።

መልሳቸው እውነት ነበር። ወንድሞቹን ላጣ ልጅ ግን አላጠገበም። እስካሁንም የእውነት መልስ ሁሉ የሚያጠግብ አይመስለኝም።

ወደዚያ ማታ ልመለስ። እንግዶቼ ከጠርሙሱ ጋር ኦይስተር ፈለጉ። እንዳያዝዙት ለመንኳቸው። ኦይስተር ጥሬውን፣ ነፍሱ ሳትወጣ የሚበላ የባሕር ፍጥረት ነው፤ ጨውና ባሕር ባሕር ይላል። የሚስማማው ሻርዶኔ ከሚባል የወይን ፍሬ ብቻ የተሠራ፣ እንደ ሎሚ የሚቆነጥጥ ወጣት ሻምፓኝ ነው። የአርባ ዓመቱ ወይን ግን ሌላ ነው። አረፋው ረግቧል፣ መልኩ ወደ ወርቅ ሄዷል፤ ዳቦ፣ ማርና ለውዝ ይሸታል። የኦይስተሩ ጨው ያንን ሁሉ ይውጠዋል። ስለዚህ በቅቤ የተጠበሰ ሎብስተር መረጥኩላቸው፤ የሥጋው ጣፋጭነትና የቅቤው ለስላሳነት ከወይኑ የዳቦ ሽታ ጋር ይገናኛሉ። በበረዶም አላቀዘቀዝኩትም፤ 12 ዲግሪ አካባቢ፣ ሆዱ ሰፋ ባለ ብርጭቆ ቀዳሁት። ሽማግሌ ሲናገር አፉን አይዙትም።

እኔ ኦይስተርም ሎብስተርም አልበላም። በኦሪት ዘሌዋውያን ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ፍጥረት ተከልክሏል፤ ያደግሁትም በዚያ ሥርዓት ነው። ጴጥሮስ በኢዮጴ ያየውን ራእይ አውቃለሁ፤ ስለዚህ በሚበላው ሰው አልፈርድም። ምግቦቹን የማውቃቸው በሽታቸውና በእንግዳው ፊት ነው። ሃያ ዓመት የሰውን ፊት ሳነብ የተማርኩት ቢኖር፣ ሰው በደንብ ሲደሰት ዝም እንደሚል ነው። ያ ዝምታ ከጸሎት ሩቅ አይደለም።

ወይኑን ግን መቅመስ ሥራዬ ነው። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ የወጣው የዳቦ ሽታ ነበር፤ ከምድጃ አሁን የወረደ ድፎ ዳቦ። እናቴ ቁራሽ አጥታ በዋለችበት ዓመት የበቀለ የዳቦ ሽታ! እግሬ እንደ መብረክረክ አለ።

ስለዚያ ጠርሙስ አንድ ሌላ ነገር አውቃለሁ። ጥር 1977፣ እኛ ቆረም ሳለን፣ ወይኑ በሚበቅልበት በሻምፓኝ ምድር ላይ ክፉ ውርጭ ወርዶ ብዙ የወይን ግንድ አድርቋል፤ በጸደይም ውርጩ ደግሞ መጣ። የተረፈው ጥቂቱ በፈረንሳዮቹ በጋ መጨረሻ ፀሐይ አገኘና በሰለ። የተለቀመው 1978 ከጠባ በኋላ ነው፤ ጥቂት ነበር፣ ጣፋጭም ነበር። ይህን የሚተርክ ሰው ሁሉ ቶሎ ብሎ፣ «አያችሁ፣ መከራ ነው ያጣፈጠው» ይላል። እኔ ይህን አልልም። ውርጩ የገደለው ግንድ ወይን አልሰጠም። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የተረፈው ብቻ ነው፤ የሚናገረውም የተረፈው ብቻ ነው። እኔም በሕይወት ስለቆየሁ ያ ረሃብ ለበጎ ነበር ብል ወንድሞቼን ሁለተኛ መቅበሬ ነው። እግዚአብሔርን ከወቀሳ ለማዳን ተብሎ በሙታን ላይ የሚነገር ማጽናኛ እርሱን የሚያስከብረው አይመስለኝም። በአልዓዛር መቃብር ፊት ጌታ ራሱ አለቀሰ እንጂ ምክንያት አልደረደረም።

ታዲያ ደስታውንስ ምን ላድርገው? እዚህ ላይ የረዳኝ አገሬ ነው። እኛ ሙታንን የምናስበው አፋችንን ዘግተን ብቻ አይደለም፤ ተዝካር አውጥተን፣ አብልተንና አጠጥተን ነው። በጽዋ ማኅበርም የምንጠጣው በስም ነው። መብልና መጠጥ ከመታሰቢያ ጋር ሲሆን የከፈለውን አይረሳም፤ በብቸኛ አፍ የሚቀር ደስታ ግን ግማሹ ስርቆት ነው። ወንድሞቼ ተዝካር አልወጣላቸውም። በዚያ ሜዳ ላይ አርባ የሚያወጣ ማን ነበር? አርባ ቀናቸው ሳይታሰብ አርባ ዓመት ሞላቸው።

እንግዶቹ ሲወጡ፣ በሙያችን እንደተለመደው፣ ከጠርሙሱ ግርጌ አንድ ብርጭቆ ለእኔ ተዉልኝ። ሥራ ሲያልቅ ጓዳ ገብቼ፣ ቆሜ፣ የሁለቱን ወንድሞቼን ስም ጠርቼ ጠጣሁት።

በማግሥቱ እሑድ፣ እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ፣ ወልድያ ደወልኩላት። የሰባ ሰባት ወይን እንደቀመስኩ ነገርኳት።

«ጣፈጠ?» አለች።

«ጣፈጠ፣ እማዬ። ሴትየዋማ ጥሩ ዓመት ነው አሉኝ።»

ብዙ ዝም አለች። «ለእነሱ ከጣፈጠ እሰየው፤ እኛም አንተን አግኝተንበታል» አለች ቀጥላ። «የወንድሞችህን ስም ጠራህ ወይ?»

«ጠራሁ።»

«እንግዲያ እኔ ደግሞ ዳቦ ልድፋላቸው።»

ገንዘብ ላክሁላት። ለኅዳር ሚካኤል፣ በደብሩ በር ለተቀመጡት ነዳያን ዳቦ ቆረሰች። ዓመት በምን እንደሚመዘን ዛሬም ለሰው ማስረዳት አልችልም። ያን ቀን ግን የሰባ ሰባት ዳቦ ለተራበ ሰው ደረሰ።