ትንፋሽ መቀባበል

ማክሰኞ ማታ ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ጎን ባለችው አፐር አርሊንግተን ውስጥ ከአንድ ኳየር ጋር እለማመዳለሁ። ለመግባት የድምፅ ፈተና የለም፤ መጥቶ ወንበር መያዝ ይበቃል። ኮሎምበስ ውስጥ እንዲህ ያለው ብርቅ አይደለም። ሃርመኒ ፕሮጀክት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ከተጀመረ ወዲህ ማንንም ሳይፈትን ይቀበላል፤ አባላቱም በየሰፈሩ በበጎ ፈቃድ ያገለግላሉ፤ ሜሪስቪል ባለው የሴቶች ማረሚያ ቤት ሳይቀር ታራሚዎች የሚዘምሩበት ኳየር አቋቁሟል።

ሰሞኑን የያዝነው ማንም ዘምሮት የማያውቅ አዲስ ድርሰት ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ድምፅ ስምንት ባር ሙሉ ተዘርግቷል። በደቂቃ 60 ምት ሲዘመር ከግማሽ ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚዘልቀው የለም። መሪያችን የምንተነፍስበት ላይ ምልክት እንድናደርግ እርሳስ አስያዘችን። «ጎረቤታችሁ ሲተነፍስ አትተንፍሱ። ባሩ የሚያልቅበት ላይም አትተንፍሱ፤ እዚያ ሁሉም ይፈተናል። ስትወጡ ድምፁን አሳንሳችሁ ውጡ፤ ስትመለሱም እንዲሁ።»

ይህንንስ አውቀዋለሁ። ያደግሁት ጎጃም ነው። ማኅሌት ሲቆም ቀኝ ሲያነሣ ግራ ያርፋል፣ ግራ ሲያነሣ ቀኝ ያርፋል፤ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሌሊቱን የሚያነጉት እንዲህ እየተቀባበሉ ነው። አዲስ ነገርም እዚያ እንግዳ አይደለም። ዛሬ የተዘረፈ ቅኔ ነገ አይደገምም፤ በማግስቱ ሌላ ይጠበቃል። አዲሱን ድርሰት አንሥቼ ሳይ የሚሰማኝ ያ የቅኔ ማኅሌት ጉጉት ነው።

ይህን የምንለማመድባት አፐር አርሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1918 የተመሠረተች ናት። በቀደመው ዘመን የቤት ውሎቿ ጥቁር እንዳይገዛ፣ አይሁድም እንዳይገዛ ይከለክሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘር የሚለይ ውል በፍርድ ቤት አይጸናም ብሎ ወሰነ። ይህን ካነበብሁ ወዲህ ወንበሬ ላይ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልሁም፤ ግራና ቀኜን አያለሁ።

በግራዬ ሳንባቸውን የሚያማቸው አዛውንት ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ስንሞክረው ድምፁ አራተኛው ባር ላይ ወለም አለ፤ እሳቸውም እኔም እኩል ተንፍሰን ኖሯል። በሁለተኛው ዙር ከወረቀቱ ይልቅ ትከሻቸውን አየሁ። ትከሻቸው ሊነሣ ሲል ያዝሁ፤ ቀስ ብለው ሲመለሱ ለቀቅሁ። አልተቋረጠም።

በእረፍት ሰዓት ወረቀታቸውን ወደኔ ገፋ አደረጉ። ሁለተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው ባር ላይ በእርሳስ ጭረት አለ። የኔ አንዱ ጭረት ያረፈው አራተኛው ላይ ነው። ላጲሳቸውን ተቀብዬ ወደ አምስተኛው አዛወርሁት።