የነቆረችው ሌላ፣ የታሰረችው ሌላ

ቢሾፍቱ ውስጥ ጓሮዋን ዶሮ ቤት ያደረገች አንዲት እናት ነበረች። አርባ የእንቁላል ዶሮዎች አሏት፤ እንቁላሉን ለሰፈሩ ሱቆች ታስረክባለች፤ በዚያው ገቢ የዘጠነኛ ክፍል ልጇን ታስተምራለች። ዶሮ ቤቱ ሲሠራ ለሠላሳ ታስቦ ነበር። እንቁላል ሲወደድ ግን አሥር ጨመረችበት፤ መመገቢያው ያው አንድ እንደሆነ ቀረ።

አንድ ቀን ልጅቷ ከትምህርት ቤት መጥታ ውሃ ልትቀይር ስትገባ አንዲት ዶሮ ጥግ ይዛ አንገቷን ቀብራ አገኘቻት። ከጅራቷ ሥር ላባው ተነቅሎ ቆዳው ደምቷል። የምትነቁራት ደረቷ የሰፋ፣ መመገቢያው ጋ ማንም የማይቀድማት ዶሮ ነበረች። ልጅቷን የገረማት ግን የሌሎቹ ነገር ነው። መጀመሪያ ቆመው አዩ። ደሙ ሲታያቸው ሁለት ሦስቱ ጠጋ ብለው እነሱም ነቆር ነቆር አደረጓት። የቀሩት ፊታቸውን አዙረው ጥሬያቸውን መልቀም ቀጠሉ። እሷ እስከተነቆረች ድረስ እነሱን የሚነካቸው የለም።

እናትየዋ ደግ ሰው ናት። የተጎዳችውን አውጥታ ቁስሏን ለብ ባለ ውሃና በጨው አጠበችላት፤ ማድ ቤት ውስጥ በካርቶን አስቀምጣ ፍርፋሪ አበላቻት። በሳምንቱ ቁስሉ ደረቀ፣ ላባውም ማቆጥቆጥ ጀመረ። ደስ ብሏት ወደ ጓደኞቿ መለሰቻት። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆየም። በሌለችበት ሳምንት ቆጡ ላይ ቦታዋን ሌላ ይዞታል፤ አሁን የምትታየው እንደ ባዳ ነው። ፊት አንዷ የጀመረችባትን አሁን አምስት ሆነው ተረባረቡባት።

እናትየዋ ተናዳ ጭራሮ አነሳችና ትልቋን ዶሮ ገረፈቻት። ዶሮዋ እየጮኸች ሸሸች። በሩ ሲዘጋ ተመልሳ መጣች፤ የተገረፈችውንም ሁሉ በዚያችው ምስኪን ላይ ተወጣችው።

ቀጥሎ የመጣላት ሐሳብ ማስታረቅ ነበር። «ይላመዱ» ብላ ሁለቱን በአንድ ቅርጫት ከድና አሳደረቻቸው። ሲነጋ የአንደኛዋ ዓይን አብጦ ተገኘ። የየትኛዋ እንደሆነ መናገር አያሻም።

ስለዚህ እንደገና ካርቶን። ይሄኔ ልጅቷ አላስቻላትም።

«እማዬ፣ የነቆረችው ሌላ፣ የታሰረችው ሌላ! ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ትልቋ እኮ አንድ ቀን የማታሳልፍ እንቁላል ጣይ ናት።»

ልጅቷ ዝም አለች። ይህን መልስ ከዚህ በፊት፣ ዶሮ በሌለበት ቦታ፣ ሰምታዋለች።

በማግስቱ መኖ የሚያመጡላት ሽማግሌ መጡ። ዕድሜያቸውን በዶሮ እርባታ የጨረሱ ሰው ናቸው። የደረሰውን ስትነግራቸው ዶሮዋን ለማየት አልቸኮሉም፤ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ስንት ናቸው?»

«አርባ፣ አባባ።»

«መመገቢያውስ ይኸው ነው?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስሚኝ ልጄ። ካወጣሽ የምታወጪው ትልቋን ነው። አትግረፊያት፣ ለቢላም አትስጫት። እህልና ውሃ ሳታጓድዪ ጥቂት ቀን ለብቻዋ አቆያት፤ ስትመለስ ቦታዋን እንደ አዲስ ገቢ ትፈልግ። የዚህችን ቁስል ጂቪ ቀቢው፤ ቀዩ ሲጠፋ የሌሎቹን ዓይን አይስብም። ማድ ቤት ግን አትደብቂያት። እዚያው ዶሮ ቤት ውስጥ በሽቦ ከልያት፤ ይዩዋት፣ ትያቸው። ከማይነቁሩት አንዷን ደግሞ አብረሽ አስገቢላት፤ ሁለቱ ይላመዱ። ከዚያ ማታ ሁሉም ቆጥ ላይ ሲወጡ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጫቸው።»

«መመገቢያውን ምን ላድርገው?»

«ሁለተኛ ጨምሪያ! ጎመንም ከጣሪያው አንጠልጥዪላቸው። ሥራ የፈታ አፍ ሥጋ ይፈልጋል።»

እናትየዋ የተባለችውን አደረገች፤ በጎመኑ ብቻ እያጉረመረመች። ትልቋ ዶሮ ተመልሳ ስትገባ አንድ ሁለቴ ሞከረች። የሚከተላት ስታጣ ወደ ጎመኑ ሄደች። ተነቋሪዋም ብትሆን በአንድ ጀንበር አልዳነችም፤ ለብዙ ጊዜ መመገቢያው ጋ የምትደርሰው ሌሎቹ ከጠገቡ በኋላ ነበር። ግን ብቻዋን አልነበረችም፤ ያቺ ከሽቦው ጀርባ አብራት የሰነበተችው ዶሮ ከጎኗ ትለቅም ነበር።

ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል፤ የተነገረውም ትምህርት ቤት ውስጥ በእኩዮቻቸው ስለሚጠቁ ልጆች ነው። ተማሪ ዶሮ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ዶሮን የሚጠራት የደም ቅላት ሲሆን፣ ሙድ የሚይዝን ልጅ የሚጠራው የጓደኞቹ ሳቅ ነው። ዶሮ ቤቱ ደግሞ ማታ ይዘጋል። የክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ አይዘጋም።

ያም ሆኖ የእናትየዋን ሦስት ሙከራዎች በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ እናገኛቸዋለን። ካርቶኑ የሚሰደበው ልጅ ሴክሽን ሲቀየርለት፣ በመጨረሻም መልቀቂያ ይዞ ሲሄድ ነው፤ ተሳዳቢው ጎበዝ ተማሪ ወይም የኳስ ቡድኑ አምበል ስለሆነ ከቦታው አይነቃነቅም። ጭራሮው የዩኒት ሊደሩ ዱላ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ሲደነግግ ጥፋተኛውን ልጅ ለይቶ አላስቀረውም። ጎልማሳ በጉልበት ሲያሸንፍ ያየ ተማሪ የሚማረው ጉልበት እንደሚያሸንፍ ነው።

ከሦስቱ ይበልጥ የምፈራው ግን ቅርጫቱን ነው፤ መልካም ስለሚመስል። ሁለቱን ቢሮ ጠርቶ «በሉ ተጨባበጡ» ማለት ከእርቅ ባህላችን የተቀዳ ነው። እርቅ ግን ለተጣሉ ሰዎች ነው። ተማሪ ተማሪን በሚያጠቃበት በዚህ ጉዳይ በጥናቱ ፈር የቀደደው ዳን ኦልቬየስ፣ ከእ.ኤ.አ. 1983 ጀምሮ በኖርዌይ ትምህርት ቤቶች መከላከያ ዘዴ ሲዘረጋ፣ ይህን ጥቃት ከተራ ጠብ የለየው በሦስት ነገር ነው፤ ሆን ተብሎ መደረጉ፣ መደጋገሙና የኃይል አለመመጣጠኑ። ኃይላቸው ያልተመጣጠነ ሁለት ልጆች ሲጨባበጡ ደካማው የሚሰጠው እጁን ብቻ አይደለም፤ የመክሰስ መብቱንም ጭምር ነው። ከዚያ ወዲያ ቢናገር «ታርቀህ የለ እንዴ?» ይባላል።

ስለ ተመልካቾቹ ደግሞ ዴብራ ፔፕለርና ዌንዲ ክሬግ የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የካናዳ ጥናት አለ። የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎችን በዕረፍት ሰዓት በካሜራ ሲከታተሉ፣ በአብዛኛው ጥቃት ላይ ሌሎች ልጆች ቆመው ይታዩ ነበር፤ ጣልቃ የገቡት ግን ከመቶ 19 ያህል ጊዜ ብቻ ነው። ከገቡባቸው ውስጥ ከግማሽ በላዩ ጥቃት በ10 ሴኮንድ ውስጥ ቆሟል። ስለዚህ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ለአጥቂው ከሚደረግ ተግሣጽ ይልቅ፣ ዳር ቆመው ከሚስቁት ጋር የሚደረግ ጸጥ ያለ ንግግር ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለቱ ዶሮዎች በፊንላንድ ትምህርት ቤቶች ሥርዓት ሆነዋል። ኪቫ በተባለው ፕሮግራም መምህሩ የክፍሉ ልጆች የሚሰሟቸውን ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ተማሪዎች ለብቻ ጠርቶ የተጠቃውን ልጅ እንዲደግፉ ይጠይቃቸዋል። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ የክፍል ኃላፊው መምህር ልጆቹን በስም ማወቁ ይበቃል። ጥቂት ሳምንት ቆይቶም የተጠቃችውን ተማሪ መልሶ መጥራት አለበት። ሲጠይቃት «አሁንስ ተሻለሽ?» ካላት «አዎ» ብላ ትወጣለች። «ትናንት ዕረፍት ሰዓት ከማን ጋር ነበርሽ?» ይበላት።