ከአባት አገሩ የወጣው ማን ነው?

አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ እንበል። አንዱ «ሎካል ስታፍ» ነው፣ ሌላው «ኤክስፓት»። የደመወዙ እርከን፣ የቤት አበሉ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያው የሚለያየው በዚህች ቃል ነው። ያው ሎካል ስታፍ ነገ ሥራ አግኝቶ ዋሽንግተን ቢሄድ ግን ኤክስፓት ብሎ የሚጠራው አይኖርም፤ እዚያ «ኢሚግራንት» ነው፣ በእኛ አፍ ደግሞ ስደተኛ። ሁለቱም ከአገራቸው ወጥተዋል፤ ስማቸው ለምን ተለያየ? ነገሩ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ያለው ፈላስፎችንም የሃይማኖት መምህራንንም ሲያከራክር የኖረ ጥያቄ ነው፦ ሰውን የአንድ አገር ሰው የሚያደርገው መወለዱ ነው፣ መኖሩ፣ መምረጡ ወይስ የሌሎች ፈቃድ?

«ኤክስፓት»፣ በሙሉው «ኤክስፓትሪየት»፣ ላቲን ወለድ ቃል ነው፤ «ኤክስ» ውጭ፣ «ፓትሪያ» የአባት አገር። በ18ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝኛ ሲሠራበት ስለ ማባረር ነበር የሚናገረው፤ ኤክስፓትሪየት የተባለ ሰው ከአገሩ የተባረረ ነው። የእኛ «ስደተኛ»ም ከ«ሰደደ» የተገኘ ነውና ሁለቱ ቃላት ሲነሡ ወንድማማቾች ነበሩ ማለት ይቻላል። በፈቃዱ ውጭ አገር የሚኖር የሚለው ትርጉም የጎላው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው፤ በ1920ዎቹ ፓሪስ የከተሙት እንደ ሄሚንግዌይ ያሉ አሜሪካውያን ጸሐፊዎች ለቃሉ ጥሩ ልብስ አለበሱት። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። እኔን የበለጠ የሚገርመኝ ቃሉ ሕግ ውስጥ ሲገባ የሆነው ነው።

በቆየው የእንግሊዝ ሕግ የንጉሥ ተገዥ ሆኖ የተወለደ ሰው የትም ቢሄድ እስኪሞት ተገዥ ነው። በ1867 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ዜግነት የወሰዱ አየርላንዳውያን በዐመፅ ተይዘው እንደ እንግሊዝ ተገዥ ሲዳኙ ዋሽንግተን ተቆጣች፤ በዓመቱ ኮንግረሱ ዜግነትን መተው («ኤክስፓትሪየሽን») የሰው ሁሉ የተፈጥሮ መብት ነው የሚል ሕግ አወጣ። በ1907 ደግሞ ያንኑ ቃል በርዕሱ የተሸከመ ሌላ ሕግ ወጣ፤ የውጭ ዜጋ ያገባች አሜሪካዊት የባሏን ዜግነት ትይዛለች የሚል። ኤቴል ማኬንዚ ካሊፎርኒያ ተወልዳ በ1909 የእንግሊዝ ተገዥ የሆነ ሰው አገባች፤ ኑሯቸውም እዚያው ሳንፍራንሲስኮ ነበር። የካሊፎርኒያ ሴቶች የመምረጥ መብት ካገኙ በኋላ በ1913 ልትመዘገብ ብትሄድ አሜሪካዊት አይደለሽም ተብላ ተመለሰች። በ1915 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ፈረደባት፤ ሕጉን እያወቀች ማግባቷ ዜግነቷን በፈቃዷ እንደ መተው ይቆጠራል ብሎ። ከከተማዋ ንቅንቅ ሳትል ከአባት አገሯ «ወጣች»። ድንጋጌው በ1922 ቢሻሻልም ዜግነት የማይፈቀድላቸውን እስያውያን ያገቡ ሴቶች ግን እስከ 1931 ድረስ በዚያው ቅጣት ሥር ቆዩ። እንግዲህ ቃሉ የሰውን እግር አይከተልም፤ የሚከተለው የመዝጋቢውን ብዕር ነው።

በዚህ ሕጋዊ ትርጉም ከሄድን የእኛ አገር ነገር ያስቃል። የ1996 ዓ.ም. የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያን እንደሚያጣ ይደነግጋል። ስለዚህ የቃሉ እውነተኛ ባለቤት ቢጫ ካርዱን፣ የትውልድ መታወቂያውን፣ ይዞ ቦሌ የሚሰለፈው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነው። ፓስፖርቱን ኪሱ አድርጎ፣ ኤምባሲው ከጀርባው ቆሞለት፣ ጡረታው አገሩ እየተጠራቀመለት የሚሠራው የውጭ ባለሙያ ከአባት አገሩ አንድ ቀን እንኳ አልወጣም። ስሙን የወሰደው ግን እሱ ነው።

በ2015 እ.ኤ.አ. የቶጎ ተወላጁ ጸሐፊ ማዉና ረማርክ ኩቶኒን በዘ ጋርዲያን ላይ ቃሉ ለነጮች ብቻ የተከለለ ነው ብሎ ብዙ አነጋግሮ ነበር። እውነት አለው፤ ግን ሙሉ አይደለም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በእንግሊዝኛ የሚታተሙ ጋዜጦች ኤክስፓት የሚሉት የነዳጅ መሐንዲሱን ብቻ አይደለም፤ ፎቅ የሚገነባው ባንግላዴሻዊም፣ ሰው ቤት የምትሠራው ኢትዮጵያዊትም በዚያው ስም ይጠራሉ። የአረብኛው አቻ «ዋፊድ» ነው፣ የመጣ ማለት። የመኖሪያ ፈቃዷ (ኢቃማዋ) ዋስ በሆነው አሠሪዋ እጅ ያለ ሴት በዚህ ስም ስትጠራ የሚነገራት አንድ ነገር ነው፦ አገርሽ ሌላ ነው፣ ትሄጂያለሽ። ለመሐንዲሱም የሚነገረው ያው ነው፤ እሱ ግን በዚህ ይጠቀማል፣ ማንም ቋንቋችንን ልመድ፣ እኛን ምሰል ብሎ አያስጨንቀውም። ቀለምና ደመወዝ የሚወስኑት ያው ቃል ነፃነት ይሆናል ወይስ የተዘጋ በር የሚለውን ነው። ቃሉ ለጊዜው የመጣን ሰው ለመለየት ነው የሚሉም አሉ። ስፔን ባሕር ዳር ቤት ገዝተው፣ እዚያው አርጅተው፣ እዚያው የሚቀበሩት እንግሊዛውያን ጡረተኞች ኤክስፓት መባላቸው ይህን ክርክር ያፈርሰዋል።

መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ነገር የጠራ ቃል አለው፣ መጻተኛ የሚል። ሥሩ «መጽአ» ነው፣ መጣ፤ ተሰደደም በፈቃዱ ወጣም አይልም። ዘፍጥረት 23 ላይ ሣራ ኬብሮን ሞታለች። አብርሃም ከሬሳዋ ፊት ተነሥቶ ለኬጢ ልጆች እንግዳና መጻተኛ ነኝ ብሎ ራሱን ያስተዋውቃል። ከብቱ፣ ብሩ፣ ሎሌው የበዛ፣ እነሱም እንደ አለቃ የሚያከብሩት ሰው ነው፤ ዛሬ ቢሆን ኤክስፓት ከመባል የሚከለክለው ነገር አልነበረም። የመቃብር ቦታ ግን የለውም። ኤፍሮን በነፃ ውሰድ ቢለው እምቢ ብሎ 400 ሰቅል ብር በነጋዴ ሚዛን መዝኖ፣ የከተማው ሰው እያየ፣ የመክፌላን ዋሻ ገዛ። ባለጸጋም ቢሆን ለመቀበሪያው የሌላ ሰው ፈቃድ ያሻዋል። የግሪኩ ትርጉም እዚህ ላይ «ፓሮይኮስ» ይላል፤ ከዚሁ የወጣው «ፓሮይኪያ» በላቲንና በፈረንሳይኛ አልፎ በእንግሊዝኛ «ፓሪሽ» ሆኗል፣ እኛ አጥቢያ የምንለው። የባዕድነት ስም ተመልሶ የሰፈር ቤተ ክርስቲያን ስም መሆኑ ነው።

ሁላችንም መጻተኞች ነን ማለት ለጠገበ ሰው ይቀላል፣ ወረቀት ለሌለው ግን ምን ይጠቅመዋል? ተቃውሞው ጠንካራ ነው። ከሞት ሸሽቶ የወጣ ሰው በ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት ጥበቃ የሚያገኘው ስሙ ተለይቶ ስለተጻፈ ነው፤ ስደተኛ የሚለው ቃል ለእሱ ሊቀርለት ይገባል። ነገር ግን መጻተኛ ማለት በመጽሐፍ ቅዱስ ማጽናኛ ብቻ አይደለም። ዘሌዋውያን 19 መጻተኛውን እንደ አገር ልጅ ቁጠረው፣ እንደ ራስህም ውደደው ብሎ ያዝዛል፤ ምዕራፍ 25 ደግሞ ለአገሬው ራሱ ምድሪቱ ያንተ አይደለችም ይለዋል። ሸክሙ የተጫነው በባለ አገሩ ላይ ነው። ኤክስፓት ግን በዓለም አቀፉ ስምምነት የተለየ ጥበቃ የተሰጠው ስም አይደለም፤ በእኛ ሕግም ሰውየው ያው የውጭ አገር ዜጋ ነው፣ ሥራ ፈቃድ አውጥቶ የሚሠራ። ስለዚህ ቦሌ ያለው የውጭ ባለሙያና ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራው ሴት በአማርኛ አንድ ስም ይኑራቸው፣ የውጭ አገር ሠራተኛ ይባሉ። ደመወዛቸው ለምን እንደተለያየ አሠሪው በራሱ አፍ ያስረዳ።