ፍቺውን ማወቅ ቃሉን ማወቅ ነውን?

አባቶቻችን «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ሲሉ ምሳሌን የንግግር ጌጥ ብቻ ማድረጋቸው አልነበረም። ጠጅ ያለ ብርሌ ለእጅ እንደማይመች ሁሉ፣ ነገርም ያለ ምሳሌ ለልብ አይጨበጥም ማለታቸው ነው። በሰው አገር ልብ ወለድ መጽሐፍ ከፊቱ፣ ደብተር ከጎኑ አድርጎ የማያውቀውን ቃል እየለቀመ ለሚያነብ ሰው ከዚህ የተሻለ ምክር አይገኝም።

ውድ አንባቢ፣ እርስዎም የሚኖሩበትን አገር ቋንቋ ያዳበሩት፣ አለዚያም ልጅዎን አማርኛ የሚያስጠኑት በዚሁ ዘዴ ይሆናል። በአንድ ረድፍ ቃሉ፣ በሌላው ረድፍ ፍቺው ይጻፋል። ሁለቱን ረድፍ የሞላ ሰው ግን ቃሉን አወቀ ይባላልን?

በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንውሰድ። መጽሐፉን የሚያነብ ወጣት «ጨዋ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቅዎ «ጠባዩ የታረመ፣ ሰው አክባሪ» ብለው ይመልሱለታል። ትክክል ነው። ነገር ግን መጽሐፉ በሚተርከው ዘመን ጨዋ ማለት ከትልቅ ዘር የተወለደ ማለትም ነበር። ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ቆጠራው ጨዋ ናቸው። የድሃ ልጅ የሆነው በዛብህ ደግሞ በጠባዩ ጨዋ ሆኖ ሳለ፣ በዘሩ ምክንያት ለሰብለ ወንጌል አይገባም ይባላል። ሁለቱ ፍቺዎች በአንድ ቃል ውስጥ ሲኖሩ፣ ዘር ያለው ሰው ሁሉ ጠባይም ያለው ይመስላል። ፍቺው ብቻውን ይህን አያሳይም። የሚታየው ቃሉን ማን፣ ለማን፣ ምን ፈልጎ እንደተናገረው ሲጤን ነው።

በዚሁ መጽሐፍ ካሣ ዳምጤ የተባለውን ሰው አገሬው «ጉዱ ካሣ» ይለዋል። ጉድ ማለት እንግዳና አሳፋሪ ነገር መሆኑን መዝገበ ቃላት ይነግረናል። ልብ ወለዱን የጨረሰ አንባቢ ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል፤ ጉዱ እርሱ ነው ወይስ ጉድ ብሎ የሰየመው ኅብረተሰብ? ቃሉ ያው ነው፤ ፍርዱ ግን ተገለበጠ።

እንዲያውም ፍቺ ራሱ የምሳሌ ልጅ ነው። ታላቁ የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሲዘጋጅ፣ ብዙ መቶ ተራ አንባቢዎች መጻሕፍት እያነበቡ ቃሉን ከነዓረፍተ ነገሩ በትንንሽ ወረቀት ገልብጠው ይልኩ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1884 ታትሞ ሥራው የተፈጸመው በ1928 ነው። አዘጋጆቹ ፍቺውን የጻፉት እነዚያን ዓረፍተ ነገሮች ደርድረው ከመረመሩ በኋላ ነበር።

እንግዲህ በደብተርዎ ላይ ሦስተኛ ረድፍ ይጨምሩ፤ ዓረፍተ ነገሩን ከነተናጋሪው ከመጽሐፉ ይገልብጡበት። ቀጥሎም አራተኛ ረድፍ ያስፈልጋል፤ በቃሉ የራስዎን ዓረፍተ ነገር ይሥሩበት። እስከ ሦስተኛው ረድፍ ድረስ የሌላውን ሰው አነጋገር መዝግበዋል። በአራተኛው ረድፍ «እገሌ ጨዋ ነው» ብለው ሲጽፉ ግን ሰውን በቃሉ መመዘንዎ ነው፤ ለሚዛኑም ተጠያቂው እርስዎ ነዎት።

«ቃል የጋራ ሀብት ነው፤ እኔ ማን ነኝና ነው የምጠየቅበት?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ የቃልን ትርጉም አንድ ሰው ብቻውን አይለውጥም። ነገር ግን ጨዋ የሚለው ቃል ከዘር ወደ ጠባይ ያዘነበለው በዐዋጅ ሳይሆን፣ ብዙ ሰዎች እያንዳንዳቸው በየንግግራቸው እንዲያ ስለተጠቀሙበት ነው። «በየቃሉ ከቆምኩ ታሪኩ ያመልጠኛል» ለሚልም መልስ አለ። የዕቃና የዛፍ ስም ሁለት ረድፍ ይበቃዋል። አራቱን ረድፍ ሰው ለሚመሰገንባቸውና ለሚሰደብባቸው ቃላት ይቆጥቡ።

ስደተኛ ይህን ከማንም ይበልጥ ሊረዳው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የአገሩ ዜጋ ያልሆነውን ሰው «ኤሊየን» ብሎ ይጠራዋል። ፍቺው ቀዝቃዛና ግልጽ ነው፤ ስድብም የለበትም። ይሁን እንጂ ያው ቃል በሲኒማ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር መጠሪያ ነው። ፍቺውን ብቻ የሚያውቅ ባለሥልጣን ባለጉዳዩ ለምን ፊቱን እንዳጠቆረ አይገባውም።

እኛም በቋንቋችን ሌላውን የምንጠራባቸው እንዲህ ያሉ ቃላት አሉን። ልጆቻችን አማርኛን ከእኛ ሲማሩ እነዚያንም ቃላት አብረው ይወስዳሉ። ዛሬ ማታ መጽሐፉን ገልጣችሁ ስትቀመጡ ልጅዎ የአንዱን ቃል ፍቺ ቢጠይቅዎ ይንገሩት። ከዚያም «በዚህ ቃል ማን ተጎዳ? አንተስ ማንን ትጠራበታለህ?» ብለው ይጠይቁት፤ መልሱንም በደብተሩ ላይ በራሱ እጅ ይጻፈው።